የዛሬ መኪና የነገ ክላሲክ ይሆናል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች ከአዳማ

አዳማ ውስጥ ሁለት ሰው ማኪያቶ ይዞ ከተቀመጠ ወሬው መኪና ላይ መድረሱ አይቀርም፤ እኔን ደጋግመው የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው።

ክላሲክ መኪና ማለት አሮጌ መኪና ማለት ነው?

አሮጌ ሁሉ ክላሲክ ቢሆን ኖሮ አዳማ እስካሁን ዱባይን በበለጠች ነበር። ክላሲክ የሚባለው ሰው ወድዶት የሚገዛው መኪና ነው። የሚሄድበትማ ሌላ አያጣም። ገዢው አፍ ላይ ያለውን ጥያቄ ስሙ። "በሊትር ስንት ትሄዳለች?" ካለ መጓጓዣ ፈልጎ ነው የመጣው። "ፓራውልቷ (መከላከያዋ) ኦርጅናል ነው? ክሩስኮቷ (ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳዋ) አልተሰነጠቀም?" ካለ የድሮ መኪና ሰብሳቢ ነው።

ብዙ መኪና ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ዋጋው ወርዶ ወርዶ ወለል ይነካል። ከዚያ አብዛኛው ተፈታትቶ መለዋወጫ ይሆናል፣ የቀረውን ቆራሌው ይወስደዋል። ጥቂቶቹ ብቻ ዋጋቸው ዞሮ ሽቅብ ይወጣል። እኛ አገር ግን ነገሩ ይምታታል። ታክሱ፣ የዶላር እጥረቱና የብሩ መውደቅ ተደማምረው የማንኛውም ሰው መኪና ከገዛበት በላይ ይሸጣል። እሱን አይታችሁ "መኪናዬ ክላሲክ ሆነች" አትበሉ። የቀነሰው ብሩ ነው።

ስንት ዓመት ሲሞላት ነው ክላሲክ የምትባለው?

እንደ አገሩ ነው። ፊቫ የሚባለው የዓለም የጥንታዊ መኪኖች ፌዴሬሽን ቢያንስ 30 ዓመት ይላል። አሜሪካ 25 ዓመት የሞላትን መኪና የዛሬውን የደኅንነት ደንብ አታሟላም ብላ አትመልስም፣ ታስገባለች። እንግሊዝ ደግሞ 40 ዓመት ላለፋት የመንገድ ግብር ታነሳለች።

በፊቫ ቁጥር ብቻ ብንሄድ ግማሹ የአዳማ ጋራዥ ሙዚየም ነው። ግን ፊቫ ሌላም መስፈርት አለው። መኪናዋ እንደ ጥንቷ ተጠብቃ መቆየት አለባት፣ የዕለት ተዕለት መጓጓዣም መሆን የለባትም። እዚህ ላይ የእኛ ሰው ይወድቃል። የ35 ዓመት መኪናውን ጠዋት ልጅ ማድረሻ፣ ከሰዓት ሲሚንቶ መጫኛ ያደርጋታል።

ዋጋዋን የሚያስወድደው ጥቂት መመረቷ ነው?

ይረዳል፣ ግን ብቻውን አይበቃም። በዓለም እስካሁን በጨረታ ውድ የተባለችው መኪና በ2022 እ.ኤ.አ. በ135 ሚሊዮን ዩሮ የተሸጠችው መርሴዲስ 300 ኤስኤልአር ኡህለንሃውት ኩፔ ናት። ከዓይነቷ የተሠሩት ሁለት ብቻ ናቸው። ማክላረን ኤፍ1 በጠቅላላው 106 ተሠራ፤ አንዷ በ2021 እ.ኤ.አ. ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥታለች። እስከዚህ ድረስ ጥቂትነት ያሸንፋል።

አሁን ቮልስን ተመልከቱ። የመጨረሻዋ በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ከሚገኘው ፋብሪካ ስትወጣ ቁጥሯ 21,529,464 ነበር። ሃያ አንድ ሚሊዮን ተኩል! እንዲያም ሆኖ ሰብሳቢው የሚሻማባት መኪና ናት። ለምን? ብዙ ሰው ስለሚያውቃት። አባቱ ነድቷታል፣ አስተማሪው ነበረችው፣ መንዳት የተማረው በእሷ ነው። ከዚያ ሁሉ ሚሊዮን ውስጥ ደግሞ ሳትነካካ የቀረችው ትንሽ ናት። ስለዚህ ስንት እንደተሠራች ከመጠየቅ፣ ዛሬ በደህና ሁኔታ ላይ ያሉት ስንት ናቸው፣ ስንት ሰውስ ይመኛቸዋል ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ምኞቱ ዕድሜ አለው። ሰው በአሥራ አምስት ዓመቱ ያማራትን መኪና አርባና ሃምሳ ሲሞላው ይገዛታል። ያኔ ገንዘቡም አለው፣ ናፍቆቱም አለው። የ1980ዎቹና የ90ዎቹ እ.ኤ.አ. የጃፓን መኪኖች ዋጋ በውጭ አገር የተሰቀለው፣ ግድግዳው ላይ ፎቷቸውን ለጥፎ ያደገው ትውልድ ደመወዝተኛ ሲሆን ነው። የነገውን ክላሲክ ማወቅ የፈለገ ዛሬ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አንገቱን አዙሮ የሚያያትን መኪና ይይ። ከእኛ ከትልልቆቹ ግምት የልጁ አንገት ይሻላል።

"ሊሚትድ ኤዲሽን" ወይም "የመጨረሻው ምርት" የተባለ መኪና ገዝቼ ላስቀምጥ?

ጥንቃቄ! ከዚህ ጥያቄ በፊት የካዲላክን ታሪክ ስሙ። በ1976 እ.ኤ.አ. ካዲላክ ኤልዶራዶ የአሜሪካ የመጨረሻዋ ተከፋች ጣሪያ መኪና ናት ተባለ። የዚያ ዓመቷ ምርት 14,000 ነበር። ሕዝቡ ተሻማ። ከተተመነው በላይ ከፍሎ የወሰዳትም፣ ፕላስቲኩን ሳይቀድ ጋራዥ የከተታትም ነበር። በ1984 እ.ኤ.አ. ካዲላክ ራሱ ጣሪያዋ የሚከፈት ኤልዶራዶ እንደገና አወጣ። የዋህ ገዢዎች ጉድ ሆኑ። ፍርድ ቤት የሄዱም ነበሩ።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ1978 እ.ኤ.አ. ለኢንዲያናፖሊስ ውድድር መታሰቢያ የወጣችው ጥቁርና ብርማ ኮርቬትም ዕጣዋ ተመሳሳይ ነው። 6,502 ተሠሩ። ሁሉም ሰው ደብቆ አስቀመጣት። ሁሉም ስለደበቃት ዛሬ ያልተነዳች ኮርቬት ማግኘት ብዙም አይከብድም። እንግዲህ ሁሉም ካስቀመጠ ብርቅነቱ ከየት ይምጣ? ብርቅ የሚሆነው ማንም "ይቀመጥ" ሳይለው የቀረ ነገር ነው። ሻጩ ራሱ "ነገ ክላሲክ ትሆናለች" ካላችሁ፣ የነገውን ዋጋ ዛሬ እያስከፈላችሁ ነው።

በውጭ ገበያ ካሉት አዳዲስ መኪኖች የትኞቹ ተስፋ አላቸው?

አንድ ዘመን እየተዘጋ ነው። በእጅ የሚገባ ማርሽ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ቪ8 ሞተር እየቀሩ ነው። ስለዚህ የእነዚህ ነገሮች "የመጨረሻ" የሆኑት ላይ ዓይን አለ። ሌክሰስ ኤልኤፍኤ 500 ብቻ ተሠራች፣ ቪ10 ሞተሯ እስከ 9,000 ዙር ይጮኻል። ከአዲስ ዋጋዋ በእጥፍና በላይ፣ ከ1 ሚሊዮን ዶላር አልፋ የተሸጠችም አለች። እሷን ትተን ወደ ምድር ስንወርድ ቶዮታ ጂአር ያሪስ አለች። በ2020 እ.ኤ.አ. ለራሊ ውድድር ታስባ የወጣች፣ ሦስት ሲሊንደር፣ አራቱም ጎማ የሚገፋ። አንድ ትልቅ ኩባንያ እንዲህ ያለ ዕብደት በየዓመቱ አይሠራም።

ከጂፕ ዓይነቶቹ ሱዙኪ ጂምኒንና ቶዮታ ኤፍጄ ክሩዘርን እጠብቃለሁ። ኤፍጄ ምርቷ በ2022 እ.ኤ.አ. አበቃ። ሰው ገና ከአሁኑ አልለቅም እያለ ነው። የድሮው ፎርድ ብሮንኮ በአንድ ወቅት የገበሬ መኪና ነበር፣ ዛሬ ታድሶ ሲወጣ ከአዲስ ቅንጡ መኪና ይወደዳል። ቀላል፣ ጠንካራ፣ መልኩ ከሩቅ የሚታወቅ መኪና ጊዜ ይወደዋል።

እሺ፣ አዳማ መንገድ ላይ ከምናያቸውስ?

ዋናው ይሄ ነው። ቮልስንና የጥንቷን ፊያት 600 እንለፋቸው፣ እነሱ ደርሰዋል። ደህና የያዘ ሰው ያለውን ያውቃል።

ቀጥሎ ያለችው ለእኔ ዲኤክስ ናት። በ80ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራችው ኮሮላ። ማንም አያከብራትም፣ ሁሉም ያውቃታል። ታናሿ ኤኢ86 በ1983 እ.ኤ.አ. ስትወጣ የተማሪ ርካሽ ኮሮላ ነበረች። የኋላ ጎማ ስለምትነዳ የጃፓን ወጣት ተራራ ለተራራ ሲያንሸራትታት ስም አወጣች፣ ዛሬ ዋጋዋ አይቀመስም። ዲኤክስም የምትነዳው በኋላ ጎማ ነው። እኛ ጋ አብዛኛዎቹ ቀለማቸው ተቀይሮ፣ ወንበራቸው በሌላ ጨርቅ ተሰፍቶ፣ ሞተራቸው ተቀይሯል። ያልተነካች አንዲት ዲኤክስ ካያችሁ ደውሉልኝ።

ላዳም አለች። የመጀመሪያዋ ላዳ በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣችው በፊያት 124 መሠረት ነው። ሩሲያ ውስጥ የዚህ ቤተሰብ ምርት በ2012 እ.ኤ.አ. ቆመ። አዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ስንቱን አድርሳለች! ታክሲ ሆና የኖረች ላዳ አልቃለች፣ ግን ኮድ 2 ሆና አንድ ባለቤት እጅ የከረመች ካለች ዋጋ አላት። የምሥራቅ ጀርመኗ ትራባንት የበርሊን ግንብ ሲፈርስ ሰው መንገድ ላይ ጥሏት የሄደ መኪና ነበረች። አሁን ክለብ አላት። ላዳም በዚያው መንገድ ላይ ናት።

ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ጥያቄ የለውም። 70 ቁጥሩ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስካሁን ይመረታል፣ ችግሩም ያ ነው። ገና እየተሠራ ያለ መኪና እንዴት ይናፍቃል? ግን የመጀመሪያዎቹ፣ ክብ መብራት ያላቸው፣ ሳይበሉ የቀሩት ይፈለጋሉ። "ቪ8" ብለን የምንጠራው ላንድክሩዘር 200ም አስተውሉት። በ2021 እ.ኤ.አ. የተካው 300 ሞተሩ ቪ6 ነው። እኛ አገር "ቪ8" የሚለው ቃል የሥልጣን ስም ሆኖ ቀርቷል። የልጅ ልጆቻችን መኪናውን የሚያስታውሱት በዚያ ስሙ ይመስለኛል።

አንድ ማንም የማይጠረጥራት ላክል። ዶክ። ሆላንድ ካር እዚሁ አፍንጫችን ሥር ሞጆ ላይ ገጣጥሞ ያወጣት መኪና። ሌሎቹን ሞዴሎቹን በወንዞቻችን ስም አባይ፣ ተከዜ፣ አዋሽ ብሎ ነበር የሚጠራቸው። ኩባንያው ከቆመ ዓመታት ሆነው። መኪናዋ እንደ መኪና ተዓምር አልነበረችም። ግን እዚህ የተገጣጠመች፣ ሁለተኛ የማትሠራ መኪና ነች። ከነመጽሐፏና ከነምልክቷ የያዛት ሰው አይጣላት።

ቪትዜን ሳልሸጥ ላስቀምጣት?

ቪትዝ መጀመሪያ በ1999 እ.ኤ.አ. ወጣች፣ አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ተብላ የ2000 እ.ኤ.አ. የዓመቱ መኪና ሽልማትን ወሰደች። ጃፓንም በ2020 እ.ኤ.አ. ቪትዝ የሚለውን ስም ትታ ያሪስ አለቻት። ታሪክ አላት፣ ስሟም ሞቷል። የኢትዮጵያ መካከለኛ ቤተሰብ የመጀመሪያ መኪና ደግሞ እሷ ናት። ናፍቆቱ ይመጣል። ዛሬ የኋላ ወንበሯ ላይ ተኝቶ ሶደሬ የሚሄደው ልጅ አንድ ቀን ይፈልጋታል።

ግን ያ ቀን ሩቅ ነው፣ ቪትዝ ደግሞ እጅግ ብዙ ነች። ሃያ ዓመት ለመጠበቅ ብላችሁ አታቁሟት። ንዷት። ንዱና ፓራውልቷ ሲሰበር በፕላስቲክ ማሰሪያ አትሰፏት፣ ያ ብቻ ይበቃል።

የጭነት መኪና ክላሲክ ይሆናል እንዴ?

ይሆናል፣ እኔ እንደውም ከቤት መኪና ይልቅ እሱ ላይ ነው ልቤ። አሜሪካ የ1960ዎቹና 70ዎቹ እ.ኤ.አ. ፎርድና ሸቭሮሌ ፒክአፕ ድርቆሽ የሚያመላልስ ዕቃ ነበር። ዛሬ ቀለሙ ሳይበላሽ የቀረ ካለ ሰው ተሰልፎ ይገዛዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሥራ መኪና እስኪሞት ይሠራል፣ ስለዚህ የሚተርፈው በጣም ትንሽ ነው።

የእኛው ንጉሥ ኤንትሬ ነው። ፊያት 682 በ1952 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ ኤን3 የሚለው ዝርያው በጣሊያንኛ አነባበብ "ኤንትሬ" ሆኖ አፋችን ላይ የቀረ። ተሳቢውን እየጎተተ አሰብ ወርዶ ሲመለስ አዳማ ላይ ሹፌሩ ፊቱን ይታጠባል፣ ረዳቱ ጎማ በመዶሻ ይነካካል። እኛ ልጆቹ ድምፁን ከሩቅ ለይተን እናውቅ ነበር። አሁንም የሚሠራ አለ! ባለቤቶቹ ግን ክላሲክ ነው ብለው አይደለም የያዙት፣ ጠግነው ስለማይጨርሱት ነው። ካቢናው ያልተቀየረ፣ ፊቱ ላይ ያለው ምልክት ያልወለቀ ኤንትሬ ለሙዚየም የሚበቃ ነው። የሚያሳዝነው፣ ሙዚየሙ የለንም፤ ብረቱ ግን በኪሎ ገዢ አያጣም።

ከአሁኖቹ አይሱዙ ኤንፒአርና ሲኖትራክ አሉ። ሲኖትራክ ሕዝቡ "ቀይ ሽብር" ብሎ ስም ያወጣለት ነው። በፍቅር አይደለም። በፍርሃትም ቢሆን ግን ስም የወጣለት መኪና ይታወሳል። አንድ ሰው አንዱን ቀይ ካቢና እንዳለ ቢያስቀምጥ አልስቅበትም።

ባጃጅና ሚኒባስስ?

ባጃጅ፣ አዎ። ሳቁ እንጂ፣ አዳማን ያለ ባጃጅ ማን ያስባታል? አንድ ችግር አለ፤ ባጃጅ ሲያረጅ ከሦስት ተሰብስቦ አንድ ይሆናል። ፋብሪካ እንደወጣ የቀረ ባጃጅ ከፌራሪ ይብሳል ፍለጋው።

"ዶልፊን" የምንለው የድሮው ሃይስም ይገባዋል። የቮልስዋገኑ 23 መስኮት አሮጌ አውቶቡስ በአሜሪካ ጨረታ ከ200,000 ዶላር በላይ አውጥቶ ያውቃል፣ እሱም እኮ በዘመኑ ሰው መጫኛ ነበር።

የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ያለኝ ቤንዚን መኪና ክላሲክ ይሆናል?

በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ተባለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው ቤንዚን መኪና አይጨመርበትም፣ ይቀንሳል እንጂ። ይህ ለዋጋው ጥሩ ይመስላል።

በሁለት በኩል ግን እዩት። መንግሥት ያወጣውን ክልከላ መንግሥት ሊያነሳው ይችላል፣ የኤልዶራዶን ነገር አትርሱ። ሁለተኛ፣ አዲስ መኪና የማይገባ ከሆነ መለዋወጫውም እየሳሳ ይሄዳል። መለዋወጫ የሌለው መኪና በአምስት ዓመት ውስጥ ውድ፣ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ደግሞ የጓሮ ዶሮ ቤት ሊሆን ይችላል። እገዳ የመኪናን ዋጋ ያስወድዳል እንጂ መኪናዋን ተወዳጅ አያደርጋትም የምለውን ልብ በሉልኝ፤ መወደድ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዋጋ ነው፣ አንዱ ፍቅር።

አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከ30 ዓመት በኋላ ይፈለጋሉ?

ጥቂቶቹ፣ አዎ። የመጀመሪያ የሆነ ነገር ሁልጊዜ ይፈለጋል። ጄኔራል ሞተርስ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. 1,117 ኢቪ1 መኪኖችን ሠርቶ በኪራይ ሰጠ፣ ከዚያ ሰብስቦ አብዛኛውን ደፈጠጠው። የቀሩት ጥቂቶች ከጥቂት በስተቀር ሙዚየም ውስጥ ናቸው። የቴስላ የመጀመሪያዋ ሮድስተር ወደ 2,450 ገደማ ተሠራች፣ እሷም ሰብሳቢ አላት።

የኤሌክትሪክ መኪና ሁሉ ግን አይተርፍም፣ ምክንያቱም ሁለት ጠላት አለው። አንዱ ባትሪ ነው። ቆሞም ቢሆን ያረጃል። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ዋስትና የሚሰጡት ለ8 ዓመት አካባቢ ነው። ሁለተኛውና ክፉው ሶፍትዌር ነው። ካርቡሬተር ቢበላሽ አዳማ ውስጥ ከፍቶ በቤንዚን አጥቦ የሚገጥም መካኒክ አይጠፋም። የሃያ ዓመት ስክሪን ቢጠፋ ማን ያበራዋል? ፋብሪካው ራሱ ኮዱን ትቶታል። ይህ የኤሌክትሪኩ ብቻ ችግር አይደለም፣ ዛሬ የሚወጣ ቤንዚን መኪናም በኮምፒውተር የተሞላ ነው።

ለእኛ ከተማ አንድ አስገራሚ አለ። ቮልስዋገን አይዲ6 ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራች ናት። ጀርመን ተወልዶ ያደገ ሰው መንገዱ ላይ የማያያትን ቮልስዋገን እኛ ፖስታ ቤት አካባቢ ቆመን እናያታለን። ከ30 ዓመት በኋላ አንድ የጀርመን ሰብሳቢ አዳማ ድረስ ቢመጣ አይግረማችሁ፣ ባትሪዋ ከጠበቀው።

ቀለሟ ደብዝዟል፣ ላስቀባት?

አታስቀቡ! ይህን የምለው ተቃጥዬ ነው።

የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ አንዲት የ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ቮልስ ገዛሁ። ውሃ ሰማያዊ። ቀለሟ የደበዘዘ ግን ከፋብሪካ የወጣችበት። አንድ ጋራዥ ወስጄ "ይህችን ጎድጎድ ያለችውን በር ብቻ አውጡልኝ" አልኩ። ለሠርግ አዳማን ለቅቄ ሳምንት ቆየሁ። ስመለስ መኪናዬ የለችም። ማለት አለች፣ ግን ቀይ ሆናለች። ባትላሜራው ፈገግ ብሎ "ጋሼ፣ አሳመርንልህ እኮ!" አለኝ። ስቱኮው የጣት ውፍረት አለው። የኒኬል ፓራውልቷ የለም፣ በእሱ ፈንታ ጥቁር ብረት በይደዋል። "አሮጌው የት አለ?" ብል "ዝጎ ነበር፣ ሰጠነው" አለ። ለማን እንደሰጠው እሱም አያውቅ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ሰብሳቢ ከአዲስ አበባ ሊያያት መጣ። ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለች ማግኔት አወጣ። በሩ ላይ አስጠጋት፣ ወደቀች። ፓራፋንጎው ላይ አስጠጋት፣ ወደቀች። ማግኔት ስቱኮ ላይ አይጣበቅም። ሰውዬው ማኪያቶውን ጠጥቶ፣ ሒሳቡን እሱ ከፍሎ፣ ተሰናብቶኝ ሄደ። የደበዘዘ ኦርጅናል ቀለም ከሚያብረቀርቅ አዲስ ቀለም ይበልጣል። ዝገት ካለ እሱን ብቻ አስወግዱ፣ የቀረውን እጠቡና ሰም ቀቡ።

የአዳማ አየር ለመኪና ጥሩ ነው?

ለላሜራ ጥሩ ነው። ደረቅ ነው፣ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ጋር ሲተያይ ዝገት ቀርፋፋ ነው። ፀሐዩ ግን ክሩስኮት ይሰነጥቃል፣ የመስኮት ጎማ ያደርቃል፣ የመብራት ፕላስቲክ ያቢጫል። ነፋሱን ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ኮረብታው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በከንቱ አይደለም። ብዙ ሰው ደጅ አቁሞ ሸራ ያለብሳታል። ከሸራው ሥር አቧራ ገብቶ ነፋሱ ሲያንቀሳቅሰው ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ጣሪያ ያለው ቦታ ከሌለ ሸራው ቢቀር ይሻላል።

ቁማ የምትከርም ከሆነ በሁለት ሳምንት አንዴ አስነስታችሁ ሞተሩ እስኪሞቅ ዞር ዞር በሉባት። ለረጅም ጊዜ የቆመ ቤንዚን ይበላሻል፣ ፍሬኑ ይይዛል፣ ጎማው በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ይሆናል። አይጥ ሽቦ ትበላለች። የመጨረሻው ቀልድ አይደለም።

ሞተሯ ተቀይሯል፣ ዋጋዋ ይወርዳል?

ለሰብሳቢ፣ አዎ። ሊብሬው ላይ የሻንሲም የሞተርም ቁጥር አለ፣ ገዢው ሁለቱን ከመኪናዋ ጋር ያመሳክራል። የተወለደችበት ሞተር ላይ ካለች ደረቱን ነፍቶ ይከፍላል። ሞተር መቀየር ግድ ከሆነ በሕጉ አስመዝግቡ፣ አሮጌውንም አትሽጡ። ቅባት ቀብታችሁ ጥግ ላይ አስቀምጡት። ሚስት ትቆጣለች፣ ቢሆንም።

ወረቀትም እንደ ብረት ነው። የጉምሩክ ዴክላራሲዮን፣ የድሮ ደረሰኝ፣ ከመኪናዋ ጋር የመጣው መጽሐፍ፣ አባታችሁ መሪ ይዘው የተነሱት ፎቶ ሁሉ በአንድ ፖስታ ይቀመጥ።

ከመሬትና ከወርቅ ይልቅ መኪና ላይ ገንዘብ ላስቀምጥ?

አይ። ለምሳሌ ያህል በ600,000 ብር ገዛችሁ እንበል። ቦሎ፣ ኢንሹራንስ፣ ጎማ፣ ባትሪ፣ ማቆሚያ ተደምሮ በዓመት 40,000 ቢወስድ በ15 ዓመት ሌላ 600,000 ወጣ። ዋጋዋ እጥፍ ቢሆን እንኳን ገና ባዶ ላይ ናችሁ፣ የብሩን መውደቅ ሳንቆጥር። ወርቅ ቦሎ አይጠይቅም። ስለዚህ ባትወደድም የማትቆጩባትን መኪና ግዙ። በብድር ደግሞ በፍጹም።

አንዷን ብቻ ምረጥ ብትባልስ?

ሃርድቶፑን ሁሉም ይላል፣ ስለዚህ ዋጋው ከወዲሁ ሰማይ ነክቷል። እኔ ዲኤክስ ነው የምለው። ፍራንኮ አካባቢ አንዲት አለች፣ ክሬም ቀለም፣ ባለቤቷ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። የወንበሯ ጨርቅ የፋብሪካው ነው፣ የቸርኬዋ ክዳን አራቱም አለ። ሦስት ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ። "እትዬ፣ ሲያስቡ ለእኔ ነው" ስላቸው ይስቃሉ። "ልጄ፣ እሷን ሸጬ እሁድ በምን ቤተ ክርስቲያን ልሂድ?" ይሉኛል። በፊቫ ሕግ ገና መጓጓዣ ናት ማለት ነው። ስልኬን ግን ተቀብለውኛል።